ሞተር የሚቃጠለው በተተከለበት ሳምንት ነው፦ ትልልቅ የኢንዱስትሪ ሞተሮችን ስለመትከል፣ ስለማሠራትና ስለመንከባከብ የተሰጠ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ፓምፕ፣ ኮምፕሬሰር፣ ማራገቢያና ወፍጮ ስለሚያዞሩ፣ ከ100 ኪሎዋት በላይ ጉልበት ስላላቸው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሮች ነው። አብዛኞቻችሁ በጥገናና በፈረቃ ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ስለሆናችሁ፣ ሞተር እንዴት እንደሚዞር በማስረዳት ጊዜያችሁን አልወስድም። ሞተር ተቃጠለ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው "ዛሬ ፈረቃው የማን ነበር?" ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ጥፋት የሌለበትን ሰው ያገኛል። በሦስተኛው ዓመት ጥቅሉን (በሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለውን ሽቦ) ያቃጠለው ወይም ኩሽኔታውን የበላው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ በተተከለበት ሳምንት የገባ ነው፤ ከእግሩ ሥር የቀረች የአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ክፍተት፣ በልኩ ያልጠበቀች ዳዶ፣ ሳይደርቅ ኃይል የተሰጠው ጥቅል። ስለዚህ በዚያች ሳምንት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ሞተሩ ከመኪና ከሚወርድበት ሰዓት እንጀምር። በሞተሩ አናት ላይ ያሉት የማንሻ ቀለበቶች የተሠሩት የሞተሩን ክብደት ብቻ እንዲሸከሙ ነው። ሞተሩ ከፓምፑ ጋር በአንድ የብረት ቤዝ ላይ ታስሮ ከመጣ፣ በቀለበቶቹ አይነሣም፤ የሚነሣው ቤዙ ላይ በተዘጋጁት ማንሻዎች ነው። ሲሊንደር ሮለር ወይም በዘይት የሚሠራ ስሊቭ ኩሽኔታ ያላቸው ትልልቅ ሞተሮች ዘንጋቸው በማሰሪያ ተቆልፎ ይመጣል። ማሰሪያው ሞተሩ ከመቀመጫው ላይ እስኪያርፍ ድረስ አይፈታ፤ ከተፈታም በኋላ አይጣል፤ ሞተሩ ወደ ጥገና ሲጓዝ መልሶ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ኩሽኔታው ሳይዞር ሲንቀጠቀጥ፣ ሮለሮቹ አንዲቷን ቦታ ደጋግመው ይቀጠቅጧታል። በሮለሮቹ ልክ የተራራቀ ጠባሳ በቀለበቱ ላይ ይቀራል፤ ሞተሩም ገና አዲስ እያለ ያጉረመርማል። መጋዘን ውስጥም ያው ነው። የሚንቀጠቀጥ ማሽን አጠገብ የተቀመጠ ሞተር ሳይሠራ ያረጃል። በየወሩ ዘንጉ በእጅ ጥቂት ዙር ይዙር፤ ሲቆምም ካለፈው ወር በተለየ አቅጣጫ ላይ ይቁም።

መጋዘን ውስጥ ያለ ሞተር ሁለተኛ ጠላቱ እርጥበት ነው። ትልልቅ ሞተሮች በውስጣቸው ማሞቂያ አላቸው፤ ሥራው የጥቅሉን ሙቀት ከአካባቢው አየር ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ማቆየት ብቻ ነው። ያቺ ጥቂት ዲግሪ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ በጥቅሉ ላይ እንዳይቀመጥ ታደርጋለች። ስለዚህ ማሞቂያው መጋዘን ውስጥም ይሠራ፤ ሞተሩ ተተክሎም በቆመ ቁጥር ይብራ።

አሁን ሜገሩን፣ ማለትም የኢንሱሌሽን መለኪያውን፣ እናንሣ። ማንም ሞተር ኢንሱሌሽኑ (ኮረንቲ ከሽቦው እንዳያፈተልክ የሚያግደው ሽፋን) ሳይለካ ኃይል አይሰጠው። ከ1000 ቮልት በታች ለሚሠራ ሞተር የ500 ቮልት ዲሲ ሙከራ ይበቃል፤ ለ6.6 ኪሎቮልት ሞተር ከ2500 እስከ 5000 ቮልት ይሰጠዋል። ከመለካታችሁ በፊት ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ)፣ ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይን የሚያለዝበው የሰርጅ ካፓሲተርና የመሳሰለው ሁሉ ከመስመሩ ይነጠል፤ አለበለዚያ ወይ መሣሪያው ይበላሻል ወይ የምታነቡት የሞተሩ ቁጥር አይሆንም። የሙቀት መለኪያዎቹ ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠምረው ከመሬት ጋር ይያያዙ። ንባቡ በትክክል በ1 ደቂቃ ላይ ይያዝ። በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከ1000 ቮልት በታች ለሆነ በተራ ሽቦ የተጠቀለለ ሞተር ዝቅተኛው 5 ሜጋኦም ነው፤ በቅርጽ በተሠራ ጥቅል ለተሠራ ዘመናዊ ሞተር ደግሞ 100 ሜጋኦም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። የኢንሱሌሽን ቁጥር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ጠዋት በ20 ዲግሪ 800 ሜጋኦም ያነበበ ሞተር በ40 ዲግሪ ላይ 200 ያነባል ማለት ነው፤ ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው። የጥቅሉን ሙቀት አብሮ ያልጻፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከምን ጋር ሊያወዳድር ነው? ሙቀቱ ያልተመዘገበ የሜገር ንባብ ለንጽጽር አይረዳም።

ለትልቅ ሞተር ደግሞ ሙከራውን እስከ 10 ደቂቃ አራዝሙት። የ10ኛው ደቂቃ ንባብ ለ1ኛው ደቂቃ ንባብ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ፖላራይዜሽን ኢንዴክስ ይባላል፤ በዛሬዎቹ የኢንሱሌሽን ደረጃዎች ከ2 በታች መሆን የለበትም። በ1 ደቂቃ 300፣ በ10 ደቂቃ 330 ካነበባችሁ ውጤቱ 1.1 ነው። 300 ሜጋኦም ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ቁጥሩ ከጊዜ ጋር አለማደጉ ግን ጥቅሉ እርጥብ ወይም ቆሻሻ መሆኑን ይናገራል። የመጀመሪያው ንባብ ራሱ ከ5000 ሜጋኦም በላይ ከሆነ ይህ ስሌት ብዙም ትርጉም የለውም፤ ጥቅሉ ደረቅ ነው፤ እለፉ።

ሙከራው ሲያልቅ ጥቅሉ እንደ ትልቅ ካፓሲተር ኃይል አምቆ ይቀራል። ከመሬት ጋር ታስሮ መፍሰስ ያለበት ሙከራው ከወሰደው ጊዜ ቢያንስ ለአራት እጥፍ ነው። የ10 ደቂቃ ሙከራ ካደረጋችሁ፣ ጥቅሉ 40 ደቂቃ ከመሬት ጋር ታስሮ ይቆያል። የሜገሩን ጫፍ ነቅሎ ወዲያው ተርሚናሉን በእጅ መንካት ሰው ይጎዳል።

ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ መድረቅ አለበት፤ ማድረቅ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። በሞተሩ ማሞቂያ ወይም በሞቀ አየር፣ ሙቀቱን ቀስ እያደረጋችሁ፣ ከ90 ዲግሪ ሳታሳልፉ። በፍጥነት ከሞቀ፣ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ኢንሱሌሽኑን ይሰነጥቃል። የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ፤ እንፋሎቱም መውጫ ይኑረው። በየሰዓቱ እየለካችሁ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ፤ አትደንግጡ። ጥቅሉ ሲሞቅ ቁጥሩ መውረዱ የተፈጥሮው ነው። ቀጥሎ እርጥበቱ ሲለቅ መውጣት ይጀምራል፤ በመጨረሻም በአንድ ቁጥር ላይ ይረጋል። ደረቀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ አይቶ ማሞቂያውን ያጠፋ ሰው ሥራውን ከግማሽ በታች ላይ አቆመው።

ወደ መሠረቱ እንሂድ። ኮንክሪቱ ከባድ መሆን አለበት፤ ከሚሸከመው ማሽን ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ እንዲመዝን ማድረግ የተለመደ ነው። በቤዙና በኮንክሪቱ መካከል የሚፈሰው የማይሟሽሽ ግራውት (ክፍተት የሚሞላ ቀጭን ሙሌት) ባዶ ቦታ ሳይተው ይሙላ፤ ከደረቀ በኋላ ቤዙን በመዶሻ አንኳኩት፤ ከበሮ ከመሰለ ከሥሩ ባዶ ነው።

ከዚያ እግሮቹ። ባለ አራት እግር ወንበር አንዱ እግሩ አጭር ሲሆን ይንገጫገጫል። ሞተር ግን አይንገጫገጭም፤ በቡሎን ስለሚጠብቅ ክፍተቱን ለመሙላት ራሱን ያጣምማል። የሚጣመመው ቀፎ ስታተሩን (የማይዞረውን ክፍል) ይዞ ይጣመማል፤ በስታተርና በሚዞረው ሮተር መካከል ያለው ስስ የአየር ክፍተት በአንድ በኩል ይጠባል፤ ማግኔቱም ሮተሩን ወደ ጠበበው ጎን ይስበዋል። ውጤቱ ንዝረትና ያለ ዕድሜው የሚያልቅ ኩሽኔታ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። አራቱንም ቡሎኖች በልካቸው አጥብቁ፤ ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ንቅናቄ የሚለካውን ባለ መርፌ መለኪያ) በአንዱ እግር ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉ፤ የዚያን እግር ቡሎን ብቻ ፍቱ። መርፌው ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተነሣ ያ እግር አጭር ነው። በተነሣበት ልክ የማይዝግ ብረት ሺም (ስስ የብረት ሉህ) አስገቡ፤ መልሳችሁ አጥብቁና ወደ ሌላው እግር እለፉ። ሺሙ ከሦስት ወይም ከአራት ሉህ አይብለጥ፤ ሲደራረብ እንደ ስፕሪንግ ይሆናል። ከእግሩ ሥር ያለ ቀለም፣ ዝገትና የግራውት ፍርፋሪም አስቀድሞ ይጠረግ።

እግሩ ካልተስተካከለ አላይመንት፣ ማለትም የሞተሩንና የሚያዞረውን ማሽን ዘንጎች በአንድ መስመር ማዋል፣ አይጀመር። ቡሎን ባጠበቃችሁ ቁጥር ንባቡ ይለዋወጥባችኋል፤ ቀኑን ሙሉ ስትለኩ ትውላላችሁ። እግሩ ከተስተካከለ በኋላ ግን በሌዘር ወይም በዳያል ጌጅ በደቂቃ 1500 ዙር ለሚሠራ ሞተር የሁለቱ ዘንጎች መሀል ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ እንዲሆን ድረሱ፤ በ3000 ዙር ለሚሠራ ከዚያም ይጥበቅ። "ኮፕሊንጉ (ሁለቱን ዘንጎች የሚያጋጥመው ክፍል) ላስቲክ ስለሆነ ይችለዋል" የሚል አባባል አለ። አዎ፣ ላስቲኩ ይችለዋል። የማይችለው ኩሽኔታው ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚታጠፈው ዘንግ ጫናውን ለእሱ ያወርሰዋል።

በዚህ ላይ ሙቀትን አስቡ። ከእግሩ እስከ ዘንጉ መሀል 500 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው የብረት ሞተር፣ ከቀዝቃዛ ወደ ሥራ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢጨምር፦ ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊሜትር 0.000012 ስለሚረዝም፣ 500 ሲባዛ በ40 ሲባዛ በ0.000012፣ 0.24 ሚሊሜትር ይሆናል። ከምንፈልገው ልክ አምስት እጥፍ ማለት ነው! ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ከሚያሳልፍ ፓምፕ ጋር የሚገጠም ሞተር በቀዝቃዛነቱ ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል፤ ሲሞቅ ራሱ ወደ ልኩ ይወጣል። ፓምፑ የሚያሳልፈው የፈላ ነገር ከሆነ ፓምፑም ይነሣልና ልዩነቱ ይሰላል። ስሊቭ ኩሽኔታ ላላቸው ሞተሮች ደግሞ ሮተሩ ኃይል ሲያገኝ የሚረጋበት የማግኔት መሀል አለ፤ ያለ ጭነት ሲዞር ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ኮፕሊንጉን በዚያ ምልክት ልክ ግጠሙ። ስሊቭ ኩሽኔታ ወደ ጎን የሚገፋ ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም።

ተርሚናል ቦክሱን ስትከፍቱ አንዲት ስሌት በአእምሯችሁ ያዙ። 1 ሚሊኦም ተቃውሞ ያላት መጥፎ ማያያዣ 300 አምፒር ሲያልፍባት 90 ዋት ሙቀት ታወጣለች። ያ ሁሉ ሙቀት በአውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ፣ ሌት ተቀን። ኢንሱሌሽኑ ይጠቁራል፤ መዳቡ ይኦክሳይዳል፤ ተቃውሞው ይብሳል፤ አንድ ቀን አንዱ ፌዝ ይቋረጣል፤ ሞተሩም በሁለት ፌዝ ሲታገል ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ሮንዴላ በኬብሉ ላግ (በጫፉ ላይ ባለው ማያያዣ) እና በተርሚናሉ ፊት መካከል መግባቱ ነው። የብረት ሮንዴላ የኮረንቲ መንገድ አይደለም፤ ላጉ ከተርሚናሉ መዳብ ጋር ፊት ለፊት ይገናኝ፤ ሮንዴላው ከላይ፣ ከዳዶው ሥር ይሁን። ስታጠብቁ ታችኛውን ዳዶ በሌላ ቁልፍ ያዙት፤ አለበለዚያ ምሰሶው አብሮ ይዞርና ከውስጥ ያለው መሪ ሽቦ ይጠማዘዛል። በቶርክ ሬንች በሰነዱ ልክ ካጠበቃችሁ በኋላ በቀለም መስመር አስምሩበት፤ መስመሩ ከተዛነፈ መላላቱ በዓይን ይታያል። እያንዳንዱ ፌዝ በነጠላ ኬብል ለብቻው የሚገባ ከሆነ የመግቢያው ሳህን ማግኔት የማይስበው ብረት ይሁን፤ ተራ ብረት ሲሆን በኬብሎቹ ዙሪያ በሚፈጠረው የኤዲ ኮረንቲ (በብረቱ ውስጥ በሚሽከረከር ኮረንቲ) ይግላል።

የመጀመሪያው መዞር ያለ ኮፕሊንግ ነው። እዚህ ሰው የሚጎዳበት ስህተት አለ፦ የዘንጉ ቁልፍ (ኮፕሊንጉን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ብረት) በቦዩ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሞተሩን ማዞር። በ1500 ዙር ከቦዩ የተነቀለ የብረት ቁልፍ እንደ ጥይት ይወረወራል። ወይ ይውጣ፣ ወይ በማይላቀቅ ነገር ይታሰር። አዙሪቱን ለማየት ለአንድ አፍታ ብቻ ኃይል ስጡና አቋርጡ፤ አቅጣጫው ከተሳሳተ ሁለት ፌዝ ተቀያይሮ ይስተካከላል። ይህ ከጭነቱ ጋር ሳይገናኝ መደረግ ያለበት፣ ስክሩ ኮምፕሬሰርን የመሰለ ማሽን ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ወደ ኋላ ሲዞር ስለሚጎዳ ነው። ከዚያ ኩሽኔታዎቹ ሙቀታቸው እስኪረጋ አሠሩት፤ የሦስቱንም ፌዝ ቮልቴጅ፣ ያለ ጭነት የሚስበውን አምፒር፣ የኩሽኔታ ሙቀትና ንዝረት በሦስት አቅጣጫ ጻፉ። ይህ ወረቀት ለሞተሩ ዕድሜ ሙሉ ይፈለጋል።

ወደ ማሠራቱ ስንመጣ፣ የሞተር ከባድ ሰዓት መነሻው ነው። 1000 ኪሎዋት የሆነ የ6.6 ኪሎቮልት ሞተር በሙሉ ጭነት ወደ 105 አምፒር ይስባል፤ በቀጥታ ሲነሣ በስድስት እጥፍ ብንይዘው 630 አምፒር። ሙቀት የሚያድገው በአምፒሩ ስኩዌር ነው፤ በሠላሳ ስድስት እጥፍ! ሮተሩ ደግሞ ጭነቱን ከዜሮ እስከ ሙሉ ፍጥነት ለማድረስ የተጠራቀመውን የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያህል ሙቀት በራሱ ባሮች (ኮረንቲ በሚያልፍባቸው የሮተሩ ዘንጎች) ውስጥ ይውጣል፤ ከባድ ማራገቢያ የሚያዞር ከሆነ ይህ ብዙ ነው። በጥቅሉ የተለመደው ወሰን ከቀዝቃዛ ሁለት ተከታታይ መነሻ፣ ከትኩስ አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሞተሩ ሰነድ የሚለውን ያህል መጠበቅ። ያልተነሣ ሞተርን ደጋግሞ መሞከር የሮተር ባሮችን ይሰብራል። ሞተሩን የሚያስነሣው የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር እንደሚወርድም አትርሱ፤ ሲነሣ ቮልቴጁ ወደ 80 በመቶ ከወረደ ጉልበቱ 64 በመቶ ብቻ ነው። ስታር ዴልታ (ሞተሩን በተቀነሰ ኃይል የሚያስነሣ አያያዝ) ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሰጣል፤ ጭነቱ ከባድ ከሆነ ሞተሩ በስታር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሲሠራ የፌዞቹን ሚዛን ተከታተሉ። 398፣ 402 እና 388 ቮልት ብታነቡ አማካዩ 396 ነው፤ ትልቁ ልዩነት 8፤ 2 በመቶ ገደማ ሆነ። ትንሽ ይመስላል። የአምፒሩ መዛባት ግን ከቮልቴጁ ከ6 እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል፤ የጥቅሉም የሙቀት ጭማሪ በግምት በቮልቴጁ መዛባት ስኩዌር ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 8 በመቶ፣ ያድጋል። የቮልቴጁ መዛባት ከ1 በመቶ ሲያልፍ የሞተሩ ጭነት መቀነስ አለበት፤ 5 በመቶ ላይ ሞተር አይሠራ። ኦቨርሎዱ (አምፒር ሲበዛ ሞተሩን የሚያቆመው መከላከያ) ደጋግሞ ሲቆርጥ ማስተካከያውን ከፍ ማድረግ ደግሞ መልእክተኛውን ዝም ማሰኘት ነው፤ ምክንያቱ ይፈለግ፦ የተዛባ ቮልቴጅ፣ የሞተ ኩሽኔታ፣ የተደፈነ ፓምፕ።

ሙቀትን በእጅ መዳበስ ይቅር። ኤፍ የሚባለው የኢንሱሌሽን ደረጃ 155 ዲግሪ ይችላል፤ ቀፎው እጅ የማያስቀምጥ ሆኖ ሞተሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በጥቅሉ ውስጥ ያለውን የፒቲ 100 የሙቀት መለኪያ አንብቡ፤ በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ነው። ሙቀት ከወሰኑ በ10 ዲግሪ በበለጠ ቁጥር የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ እንደሚቀንስ ይታሰባል። የማቀዝቀዣ አየሩ መንገድ በአቧራ ሲደፈን አምፒሩ አይለወጥም፤ ኦቨርሎዱም አያውቅም፤ የሚናገረው የሙቀት መለኪያው ብቻ ነው። በድራይቭ ዝግ ብሎ የሚዞር ሞተርም የራሱ ማራገቢያ አብሮ ስለሚዘገይ፣ ጭነቱ ካልቀነሰ የተለየ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የስም ሳህኑ ላይ ያለው ጉልበት በተለምዶ እስከ 40 ዲግሪ አየርና ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ድረስ የተሰላ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀነሳል።

አሁን ሰው ወደሚሞትበት ቦታ ደረስን። ቆሟል ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ሞተር ላይ እጅ ከመግባቱ በፊት፦ ከጭነት አውርዱ፤ ከዋናው ኃይል ለዩ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍ፤ ቁልፉ በኪሱ ይሁን። ከዚያ የቮልቴጅ መለኪያውን ኮረንቲ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ሞክሩ፤ ሦስቱን ፌዞች በመካከላቸውና ከመሬት ጋር ለኩ፤ መለኪያውን እንደገና በታወቀው ቦታ ሞክሩ። የመጨረሻው ሙከራ የሚዘለል አይደለም፤ መለኪያው በመካከል ቢሞት ዜሮ ያነበባችሁት ውሸት ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሆነ በመጨረሻ ከመሬት ጋር አያይዙ።

ይህን ሁሉ አድርጎ የሚሞት ሰው አለ። የሞተሩ ማሞቂያ የራሱ የተለየ መስመር አለው፤ እንዲያውም ዋናው ብሬከር ሲከፈት፣ ማለትም ሞተሩ ኃይል ሲቋረጥበት፣ ነው የሚበራው። ተርሚናል ቦክሱ ውስጥ ዋናዎቹ ሞተው የማሞቂያው ሽቦ ሕያው ነው፤ ለብቻው ይቆለፍ። ድራይቭ ካለ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያም የዲሲውን ቮልቴጅ ለኩ እንጂ በሰዓት ብቻ አትመኑ። የፓወር ፋክተር ካፓሲተሮችም እንዲሁ። ቫልቩ ያልተዘጋ ፓምፕ ውኃ ወደ ኋላ ሲመለስበት ይዞራል፤ ማራገቢያም በጭስ ማውጫው ንፋስ ይዞራል። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር እንዲህ ሲዞር ራሱ ጄኔሬተር ነው፤ ብሬከሩ ተቆልፎም ተርሚናሉ ይገድላል። ዘንጉ እንዳይዞር በሜካኒካዊ መንገድ ይታሰር። ብሬከር ስትዘጉም ስትከፍቱም በሩ ተዘግቶ፣ ቢቻል ከርቀት፣ ካልሆነም ከፓነሉ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቁሙ።

ግራሶ ላይ ሰው የሚያበዛው ከመውደድ ነው፤ ሞተሩ ግን ይታመምበታል። የበዛ ግራሶ በኩሽኔታው ውስጥ ሲታመስ ይግላል፤ ዘይቱ ይለያል፤ አልፎም ወደ ጥቅሉ ይገባል። መጠኑ በግራም የኩሽኔታው የውጭ ስፋት በሚሊሜትር ሲባዛ በወርዱ ሲባዛ በ0.005 ነው። 6322 ቁጥር ኩሽኔታ 240 በ50 ሚሊሜትር ስለሆነ 60 ግራም ይወስዳል። የግራሶ ፓምፓችሁ በአንድ ግፊት ስንት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ? ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ ግፉና መዝኑ፤ 14 ግራም ከሆነ አንዱ ግፊት 1.4 ነው፤ 60 ግራም 43 ግፊት ይሆናል። የማፍሰሻው ቡሽ መጀመሪያ ይከፈት፤ መግቢያው ጫፍ በጨርቅ ይጠረግ፤ ግራሶው ከገባ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ዞሮ ትርፉ ይውጣ፤ ከዚያ ይዘጋ። ሊቲየምና ፖሊዩሪያ ግራሶ አይቀላቀሉ፤ ብዙ ጊዜ ቅልቅሉ ይቀጥንና ፈስሶ ያልቃል። የኩሽኔታው ሙቀት ከ70 ዲግሪ በላይ በ15 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በሁለት ቅባት መካከል ያለው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። በድራይቭ በሚሠሩ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ደግሞ ኮረንቲ በኩሽኔታው በኩል ያልፋል፤ ቀለበቱ ላይ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ የተደረደሩ መስመሮች ካያችሁ ግራሶ አይደለም የጎደለው። ከጭነቱ በተቃራኒ ያለው ኩሽኔታ ኢንሱሌሽን ያለው ይሁን፤ ዘንጉም በብሩሽ ከመሬት ይያያዝ።

ለንዝረት፣ በጠንካራ መሠረት ላይ ለተቀመጠ ከ300 ኪሎዋት በላይ ማሽን እስከ 2.3 ሚሊሜትር በሰከንድ አዲስ ማሽን የሚገኝበት ነው፤ እስከ 4.5 ለረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ከ4.5 በላይ የጥገና ቀጠሮ ይያዝለት፤ ከ7.1 በላይ ይቁም። ምንጩን ለመለየት ንዝረቱን እያያችሁ ኃይሉን አቋርጡ። በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ኤሌክትሪካዊ ነው፤ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ሜካኒካዊ ነው። የተሰበረ የሮተር ባር ደግሞ በአምፒሩ የፍሪኩዌንሲ ግራፍ ውስጥ ይታያል፦ በ50 ኸርዝ በ1485 ዙር የሚሠራ ባለ አራት ፖል ሞተር ስሊፑ (ከ1500 ዙር ወደ ኋላ የቀረበት) 1 በመቶ ስለሆነ፣ በ49 እና በ51 ኸርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ጫፎች ይበቅላሉ። ጭነት ላይ እያለ ካልለካችሁት አይታዩም።

በመጨረሻ ሞተሩ ለጥቅለላ ከሄደ፣ ለጠቅላዩ ሁለት ነገር በጽሑፍ ስጡት። አሮጌው ጥቅል በእቶን ሲቃጠል የብረቱ ሙቀት ከ370 ዲግሪ አካባቢ አይለፍ፤ በእሳት ነበልባል የሚያወጣው ከሆነ በስስ ሉሆቹ መካከል ያለው ሽፋን ይቃጠልና ብረቱ ለዘላለም ይግላል። የብረቱ ብክነት ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ ይለካ። ሞተሩ ሲመለስ ያለ ጭነት የሚስበውን አምፒር ከመጀመሪያው ቀን ወረቀት ጋር በተመሳሳይ ቮልቴጅ አወዳድሩ። 120 ይስብ የነበረ ሞተር 150 ከሳበ ወይ የዙር ቁጥሩ ቀንሷል፣ ወይ ብረቱ ተጎድቷል፣ ወይ ሮተሩ ተልጦ የአየር ክፍተቱ ሰፍቷል፤ የርክክቡን ወረቀት ሳትፈርሙ መልሱት።